ጎጃም ላይ የቡድን የሥዕል ዐውደ ርእይ እንዴት ይዘጋጃል? ለማስተርስ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

የማስተርስ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ በተማሩበት ግቢ ነው። ፈታኞች ነጥብ ይሰጡበታል፣ ጓደኞች ፎቶ ይነሱበታል፣ ከዚያ ሸራው ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የአዲስ አበባው ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የጎጃም ልጅ፣ ሥራውን ወላጆቹና የሰፈሩ ሰው የሚያዩበት አጋጣሚ እምብዛም የለውም። አጋጣሚውን ራሱ መፍጠር አለበት። ይህ መመሪያ ስድስት፣ ሰባት ሆነው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ሥራቸውን በጋራ ለማሳየት ላሰቡ ነው።

«ጎጃም ውስጥ ሥዕል የሚያይ ሰው የት አለ?» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ዘጌ ወርዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ያውቀዋል። መቅደሱ ዙሪያውን፣ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ በተለጠፉ ሥዕሎች ተሸፍኗል። ምእመኑ እየዞረ ያያል፣ «ይኼ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የሚያውቁ አባት በዘንግ እየጠቆሙ ይተርኩለታል። ይህ ሕዝብ ሥዕል ማየት ለምዷል። ያልለመደው ማንም የማያናግረው ጸጥ ያለ ነጭ ክፍል ነው። ስለዚህ አዳራሻችሁን ስታሰናዱ ሁለት ነገር አትርሱ፤ ሰው እየዞረ ይይ፣ ጠይቆም መልስ ያግኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ ይነሳል።

ከሰው በፊት ጥያቄ

ቡድን ስትመሠርቱ ቶሎ የሚመጣው ነገር ርእስ መስጠት ነው፤ «ተስፋ»፣ «አንድነት»፣ «ቀለማት»። እንዲህ ያለ ርእስ ሁሉን ስለሚያስገባ ምንም ለመምረጥ አይረዳም። ጥያቄ ይሻላል። ለምሳሌ «ከቤቱ የወጣ ሰው ቤቱን በምን ያስታውሳል?» ብትሉ፣ አንዱ የእናቱን መሶብ በዘይት ቀለም የሠራበት ሸራ፣ ሌላዋ ከጣና ደንገል የሠራችው ቅርጽ፣ ሦስተኛው በአውቶቡስ መስኮት ያነሣው ፎቶግራፍ አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ጥያቄው ያላስገባውን ሥራ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

መምረጡን እንደ ቅኔ ቤት ነገራ አድርጉት። ተማሪው ሥራውን ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይነቅፋሉ። ሥራው ግድግዳ ላይ ይደገፍ፤ ሠሪው ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች አንድም ቃል አይናገር። ሌሎቹ ምን እንዳዩ ይናገሩ። ሠሪው ካሰበው ጋር ፍጹም የማይገናኝ ነገር ከተነገረ፣ ባሕር ዳር ላይም እንዲሁ ይባላል ማለት ነው፤ አሁን ማወቁ ይጠቅማል።

«ሁሉም እኩል ሦስት ሦስት ሥዕል ይስቀል» የሚለው ስምምነት ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። የአንዱ ሦስት ሥዕል ስድስት ሜትር ግድግዳ ይበላል፣ የሌላው ሦስት ሥዕል አንድ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። የሚከፋፈለው ግድግዳው ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው ለምሳሌ አራት ሜትር ተሰጥቶት፣ በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ወይም አምስት ትናንሽ ማስቀመጡን ራሱ ይወስን።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። ኩሬተሩ፣ ማለትም የትኛው ሥራ ከየትኛው አጠገብ እንደሚሰቀል የሚወስነው ሰው፣ ቢቻል የራሱን ሥራ የማያሳይ ይሁን፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያጠና ጓደኛ ወይም የምታምኑት መምህር። ገንዘብ ያዥ፣ የዕቃና የጉዞ ኃላፊ፣ የመስቀያና የመብራት ኃላፊ፣ የሕዝብ ግንኙነት የሚሠራ ሰውም ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ስምምነት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። መዋጮው ስንት ነው? ሥዕል ቢሸጥ ለቡድኑ ስንት በመቶ ይቀራል? በጉዞ ላይ ጉዳት ቢደርስ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ሥራ መቀየር የማይቻለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ይህ የሚያስፈልግ አይመስላችሁ ይሆናል። ጓደኝነቱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ግን ጻፉት።

ቦታውን ሄዶ ማየት

ባሕር ዳር ላይ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ ከእሱ ሌላ የዩኒቨርሲቲ አዳራሾችን፣ ሰፊ ሎቢ ያላቸውን ሆቴሎች ጠይቁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ዩኒቨርሲቲውንና የከተማውን አዳራሾች። ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ከሆነ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም በዕረፍት ጊዜ ሁለት የተያያዙ ክፍሎች ይበቃሉ። አብዛኞቹ ለስብሰባ የተሠሩ ስለሆኑ ጋለሪ የምታደርጓቸው እናንተ ናችሁ። በስልክ ተነጋግራችሁ አትስማሙ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ሄዶ ይይ።

ሜትር፣ እርሳስና ስልክ ያዙ። መጀመሪያ ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ብሎኬት ወይም ጡብ ከሆነ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይይዛል፤ ጂብሰም ቦርድ ከሆነ ቀላል ሥራ ብቻ ይሸከማል፤ ጭቃ ከሆነ ሚስማሩን ይዞ ይፈርሳል። መብሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁና መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ቀጥሎ መስኮቶቹን እዩ። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝና በዐሥር ሰዓት መካከል ተመልሳችሁ ሂዱ፤ በምዕራብ በኩል የሚገባው ፀሐይ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። እዚያ ግድግዳ ላይ የውሃ ቀለም፣ ፎቶግራፍ ወይም ወረቀት ላይ የተሠራ ነገር አይሰቀልም።

የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን ቁጠሩ፤ ስልክ እየሰካችሁ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለዩ። የበሩን ቁመት ለኩ። ሸራ በጠርዙ ይገባል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የደረጃው መታጠፊያ ነው። ቅርጻ ቅርጽ ካላችሁ ግን የበሩ ስፋት ይወስናል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ጥበቃው ሌሊት ውስጥ ይሁን ውጭ፣ በተከራያችሁባቸው ቀናት አዳራሹ ለስብሰባ ተይዞ እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ የሚዘነጋ ነው። ኤግዚቢሽኑ ለ7 ቀን የሚታይ ከሆነ አዳራሹን ለ11 ቀን ተከራዩ፤ ሦስቱ ለመስቀያ፣ አንዱ ለማውረጃ።

ሁሉንም ግድግዳ ከለካችሁ በኋላ ወረቀት ላይ አንድ ሜትርን በአምስት ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ንደፉት። ሥራዎቻችሁንም በዚያው ልክ ከካርቶን ቁረጡ፤ 100 በ80 የሆነ ሸራ 5 በ4 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይሆናል። በእነዚህ ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ አንድ ምሽት ብትከራከሩ፣ አዳራሹ ውስጥ ሸራ ተሸክማችሁ ከመከራከር ትድናላችሁ።

መቼ?

ከሰኔ እስከ ነሐሴ አይሆንም። ዝናቡ ጉዞውን ያበላሻል፣ ጣና አካባቢ ያለው እርጥበትም ሸራ ያላላል። ኅዳር ሰማዩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከከተማ ወጣ ያለው ቤተሰብ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። እኔ የምመርጠው በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን ጊዜ ነው። አዲስ አበባና ውጭ ያለው ሰው ወደ ቤተሰቡ የሚመለስበት፣ ልብስ ለብሶ ከቤት መውጣት የሚወድበት ወቅት ነው። ጥር 11 ቀን ራሱን ግን ዝጉ፤ ማንም አይመጣም፣ እናንተም ታቦት መሸኘት አለባችሁ። እንጅባራ ላይ ካሰባችሁ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር ከዚያ ጋር አያይዙት። በዐቢይ ጾም መክፈትም ይቻላል፤ ግብዣው የጾም ይሁን እንጂ።

ደብዳቤና ገንዘብ

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለአዳራሹ ባለቤት ይድረስ፤ ለጸጥታ አካሉም ግልባጭ ይኑረው። ከደብዳቤው ጋር የተሳታፊዎችን ስም፣ ቀናቱንና የሥራዎቹን ፎቶ አያይዙ። ሥዕሎቹን አስቀድሞ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ቅሬታ ካለ በመክፈቻው ዕለት ከመስማት ከወር በፊት መስማት ይሻላል። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሻችሁ በፊት በነበረው ሳምንት ከሹፌሮች ጠይቁ፤ መክፈቻውን በቀን ብርሃን አድርጉት፣ ሰው ሳይመሽ ቤቱ ይግባ።

በጀቱ ላይ ተማሪ የሚረሳቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ጫኝና አውራጅ፣ የመስቀያ ቀናት ምሳና ማደሪያ፣ የመልስ ጉዞ፣ አዳራሹን መልሶ ቀለም መቀባት። ከጠቅላላው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ስፖንሰር ስትጠይቁ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ፤ ማተሚያ ቤት ባነር፣ ሆቴል ሁለት ክፍል፣ የእንጨት ነጋዴ ለመስቀያ ግድግዳ የሚሆን ቺፑድ ማዋስ ይቀለዋል። ነጋዴው እንዲያውሳችሁ ደግሞ «አንቆርጠውም» ብላችሁ ቃል ስጡ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ማሸግና ዓባይን መሻገር

ከማሸግ በፊት መዝገብ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር፣ ርእስ፣ የተሠራበት ነገር፣ ቁመትና ስፋት፣ ዓመት፣ ዋጋ፣ የፊትና የጀርባ ፎቶ ይያዝ። ቁጥሩ በሸራው ጀርባ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፍ። ጭረት፣ የተላጠ ቀለም ካለ አሁኑኑ ይመዝገብ፤ ሲመለስ ክርክር እንዳይነሳ።

የዘይት ቀለም ሲነኩት ደርቋል ማለት ውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም። ወፍራም የተቀባበትን ቦታ በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፤ ከሰረጎደ ገና ነው። ለዚህም ነው ማብቂያው ቫርኒሽ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት እንዲቆይ የሚመከረው። አክሪሊክ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል። ይህ ለእኛ መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሐሉ መኪናው ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። በደጋው ብርድ የታሸገ ሥዕል በረሃው ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይሞቃል። ፊቱ ላይ ፕላስቲክ የተጠቀለለ አክሪሊክ ያን ጊዜ ፕላስቲኩን ይይዘዋል፤ አረፋ ያለው ፕላስቲክ ከሆነ ክብ ክብ ምልክቱ ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ስለዚህ የሥዕሉን ፊት ምንም ነገር አይንካው። ከወፍራም ካርቶን አራት የማዕዘን መከላከያ እጠፉና ማዕዘኖቹን አልብሷቸው። ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለት ሸራዎች ፊት ለፊት አጋጥሙ፤ የካርቶኑ ውፍረት በመሐላቸው ክፍተት ይተዋል። የግድ ፊቱ መሸፈን ካለበት የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ያ የሚያዳልጠው፣ አይጣበቅም። ከዚያ በላይ ካርቶን፣ ከካርቶኑ በላይ ለዝናብ ፕላስቲክ። መኪናው ላይ ሸራዎቹ በጠርዛቸው ይቆማሉ፣ በጉዞው አቅጣጫ፣ በገመድ ተይዘው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ አይተኛም። ከሥራቸው ስፖንጅ ፍራሽ ብታደርጉ የመንገዱን መንገጫገጭ ይቀንሳል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጨርሶ አትጫኑ።

ሸራ ጠቅልሎ መውሰድ ርካሽ ነው፤ ግን ወፍራም የተቀባ ሥዕል አይጠቀለልም። ስስ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። መጠቅለያው 16 ሴንቲ ሜትር የሆነው የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ይሁን፤ ከዚያ የቀጠነው አይመከርም። ስትደርሱ መልሶ ለመወጠር አንድ ሙሉ ቀን ያዙ።

ሲወርድ ከጫኝና አውራጆች ጋር ዋጋውን ዕቃው ከመነካቱ በፊት ተስማሙ። ትሕትና ያለው ንግግር ብዙ ያቀልላል፤ «ወንድሞቼ፣ ይኼ የሥዕል ሥራ ነው፣ አንድ በአንድ፣ በሁለት እጅ» ብላችሁ አንዱን ፈታችሁ አሳዩአቸው። ምን እንደተሸከመ ያየ ሰው አያያዙ ይለወጣል። ሥራዎቹ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደሩ፤ የላላ ሸራ ካለ በጀርባው ማዕዘን ያሉትን የእንጨት ሽብልቆች ቀስ ብላችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ።

ግድግዳ መሥራት

መብሳት ካልተፈቀደላችሁ፣ ወይም የአዳራሹ ግድግዳ በመስኮትና በመጋረጃ የተሞላ ከሆነ፣ የራሳችሁን ግድግዳ አቁሙ። ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይሸጣል። ሁለቱን በማጠፊያ አያይዛችሁ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ብታቆሟቸው ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ፤ ግርጌያቸው ላይ በአሸዋ የተሞላ ከረጢት አድርጉ። በሁለቱም ገጽ የማያንጸባርቅ ነጭ ቀለም ቀቡ፤ በአንድ በኩል ብቻ የተቀባ ቺፑድ ይጎብጣል። የተዋሳችሁት ከሆነ መቀባትና መብሳት መፈቀዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቅርጹ። ብዙ ሰው ፓነሎቹን በአዳራሹ ጠርዝ ደርድሮ መሐሉን ባዶ ይተዋል፤ ተመልካቹ መሐል ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ይቃኝና ይወጣል። እናንተ ፓነሎቹን መሐል ላይ ጀርባ ለጀርባ አቁሟቸውና ሥራዎቹን ወደ ውጭ ስቀሉ። ሰው እየዞረ ያያል፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ሲታጠፍ አዲስ ነገር ይገጥመዋል። በዙሪያው የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከመሐሉ ጋር የሚነጋገሩትን አድርጉ። መተላለፊያው ከሁለት ሜትር አይነስ፤ ሰው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ እንዲያይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣም እንዲዞር። በሩ ፊት ለፊት ከሩቅ የሚጠራ አንድ ሥራ ብቻ ይሁን።

መስቀል

የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ትልቅም ትንሽም ቢሆን መሐላቸው በአንድ መስመር ላይ ከሆነ ዓይን ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ሚስማሩ የት እንደሚመታ እንዲህ ይሰላል፤ 150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሩ፣ ከዚያ ሽቦው ሲወጠር ከሥዕሉ አናት ያለውን ርቀት ቀንሱ። ቁመቱ 80 የሆነ፣ ሽቦው ተወጥሮ ከአናቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ሥዕል፦ 150 ሲደመር 40፣ ሲቀነስ 10፤ ሚስማሩ 180 ላይ ነው። የአዳራሹ ወለል ተዳፋት ከሆነ ግን ከወለሉ አትለኩ፤ በውሃ ልክ አንድ መስመር በክር ወጥሩና ከክሩ ለኩ።

ለክፍተቱም ሒሳብ አለ። ግድግዳው 9 ሜትር፣ አራት ሥዕሎች 80፣ 100፣ 60 እና 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው ድምራቸው 360 ነው። 900 ሲቀነስ 360፣ 540 ይቀራል፤ አራት ሥዕል አምስት ክፍተት ስላለው እያንዳንዱ 108 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ መነሻ ነው። ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ መነበብ ካለባቸው አቀራርቧቸው፣ ብቻውን መቆም ያለበትን አርቁት። እዚህ ላይ ሒሳቡ አልቆ የኩሬተሩ ዓይን ይጀምራል። ሁሉንም ሥራዎች ከታች ግድግዳው ሥር ደግፋችሁ አንድ ሰዓት ሳትነኩ እዩ። ኃይለኛ ቀይ ያለበት ሥዕል አጠገቡ ያለውን ለስላሳ ሥራ ሲውጠው የምታዩት ያኔ ነው። ይህን ሳያደርጉ ወደ መዶሻ መሮጥ ግድግዳውን ወንፊት ያደርገዋል።

የቅዱሳን ሥዕል ወይም እሱን የሚያስታውስ ሥራ ካላችሁ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ወደ መጸዳጃ በሚወስደው ግድግዳም አትስቀሉ። ሰው ይሳለመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በአክሪሊክ የተሠራች ዘመናዊ እመቤታችን ፊት ሦስት ጊዜ ያማተቡ እናት አይቻለሁ፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሸራው ዘረጉ። ያን እጅ በቁጣ መመለስ አይቻልም፤ አይገባምም። እንዲህ ያለውን ሥራ በመስተዋት ውስጥ አድርጉት ወይም ከፊቱ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አስቀምጡ። እርቃን የሚታይባቸውን ሥራዎች መደበቅ አይኖርባችሁም፤ ከበሩ ትይዩ አታድርጓቸው፣ ሰውም ከማየቱ በፊት የሚያሳውቅ ጽሑፍ ይኑር፤ ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው ይወስን።

መብራት

የአዳራሹ ረዥም ነጭ መብራት ሁሉን ነገር እኩል ስለሚያበራ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ወደ ቢጫ የሚያደላ የኤልኢዲ ስፖት ግዙ፤ ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የሚል፣ የቀለም ታማኝነቱም (CRI ወይም Ra የሚለው) 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። መብራቱ ከላይ ወደ ሥዕሉ፣ ከቀጥታ ቁልቁል መስመር 30 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ይምጣ። ከዚያ ቀና ካለ የሸራው ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ ከዚያ ከተጋደመ የተመልካቹ ጥላ ሥዕሉ ላይ ያርፋል፣ መስተዋት ያለውም ያንጸባርቃል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ መተላለፊያ ላይ በሰፊ ፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፉ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ከመክፈቻው በፊት ለጄኔሬተር ተነጋገሩ፤ ካልሆነ በቻርጅ የሚሠሩ መብራቶች ይዘጋጁ። ሻማ አይሞከርም።

ጽሑፉ

ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ፣ በቀኝ በኩል፣ የሠሪው ስም፣ ርእስ፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠንና ዓመት የያዘ ካርድ ይለጠፍ። ፊደሉ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቆ የሚነበብ ይሁን። በአማርኛ ይጻፍ፤ እንጅባራ ላይ የአካባቢው ቋንቋ አውንኛም ይጨመር። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ «ሥራዬ የማንነትን ውስብስብ ትርክት ይፈትሻል» ይላል። ይህን ለፈታኛችሁ ተዉት። «አባቴ ለ20 ዓመት የለበሰው ጋቢ ነው፤ ሸራ አድርጌ ሣልኩበት» ካላችሁ ሰው ቆሞ ያያል። መግቢያው ላይ የሚለጠፈው የጋራ ጽሑፍ ከ150 ቃል አይብለጥ፤ ጮክ ብላችሁ ለአንድ ዘመዳችሁ አንብቡለት፣ ያልገባውን አስተካክሉ። ዋጋ ካርዱ ላይ አይጻፍ፤ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ ዝርዝር ይኑር።

የመክፈቻው ቀንና ከዚያ በኋላ

የክብር እንግዳ መጋበዙ የማይቀር ነው፤ ንግግሩን ግን በአጠቃላይ ከ20 ደቂቃ አታሳልፉ፤ ሰው የመጣው ሥዕል ለማየት ነው። ከባለሥልጣኑ እኩል ያስተማሯችሁን የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ የሰፈራችሁን የኔታ፣ የአካባቢውን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጥሩ፤ የመጨረሻው ሰው ስለ ቀለም የሚጠይቃችሁን ሌላ እንግዳ አይጠይቃችሁም። ቡናው ይፈላ፣ ፈንዲሻውም ይቅረብ፣ ግን ከሥራዎቹ ርቆ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ። የዕጣንና የከሰል ጢስ ገና ያልደረቀ ዘይት ላይ ያርፋል፤ በእጅ ላይ ያለ ቅቤና ዘይትም ወረቀት ላይ ምልክቱ አይለቅም።

በቀሪዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ሁለት ሠዓሊዎች አዳራሹ ውስጥ ይገኙ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልክ አይነካኩ፤ ይቁሙ፣ ሰላምታ ይስጡ፣ ከሰው ጋር ይዙሩ። «እንዴት አዩት?» ከማለት «እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የመጀመሪያው «ጥሩ ነው» ከሚል መልስ አያልፍም። የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቻችሁንም ሥራ ማስረዳት ተለማመዱ። ጠዋቱን ለትምህርት ቤቶች ስጡት፤ ከ25 የማይበልጡ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ፣ ሲጨርሱ እርሳስና ወረቀት ተሰጥቷቸው አንድ የወደዱትን ይሣሉ። ባሕር ዳር ላይ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ በሩን ቀደም ብላችሁ ክፈቱ፤ በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ነፃ ነው» የሚል ሰው ይኑር። ብዙ ሰው የማይገባው የሚከፈልበት ወይም ለተጋበዘ ብቻ የሆነ እየመሰለው ነው።

ሥራ ሲሸጥ ካርዱ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፋል፤ ሥዕሉ ግን እስከ መዝጊያው አይወርድም። ቢያንስ ግማሹን በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ስጡ፣ የገዢውን ስልክ መዝግቡ። ዋጋ ላይ ከመክፈቻው በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ የሚመሳሰሉ ሥራዎች ያሏቸው ሁለት ተማሪዎች አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ከጠየቀ ገዢው ሁለቱንም ይጠራጠራል።

በማውረጃው ቀን መጀመሪያ የሚወጣው መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ሲወርድ ከመነሻው ፎቶ ጋር ይመሳከር፣ በመጣበት ካርቶን ይመለስ፤ ለዚህም ማሸጊያውን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ፊሸሮቹን ንቀሉ፣ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ድፈኑ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና በአዳራሹ ቀለም ቀቡት። ቺፑዶቹን ለነጋዴው መልሱ። የአስተያየት መዝገቡን ሁሉም ሠዓሊዎች በስልካቸው ፎቶ ያንሡት። ቁልፉን ስታስረክቡ ለአዳራሹ ኃላፊና ለጥበቃው ከመክፈቻው የተነሡ ጥቂት ፎቶዎችን አሳትማችሁ ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ስጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች አዳራሽ ፍለጋ ሲመጡ የሚያገኙት እነሱን ነው።